አባቴ፣ አውሎ ነፋሱና ሦስቱ ስዊድናውያን

ቴክሳስ ውስጥ ሰማዩ አረንጓዴ ከሆነ ሰው ወሬውን አቋርጦ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህን መጀመሪያ የነገረችኝ አክስቴ ስትሆን አላመንኳትም ነበር። ሰማይ ይጠቁራል፣ ይቀላል፣ አረንጓዴ እንዴት ይሆናል? ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ቤድፎርድ ውስጥ ከምሠራበት ነዳጅ ማደያ በር ላይ ቆሜ ቀና ስል፣ ደመናው ሐሞቱ እንደፈሰሰ ሰው ፊት አረንጓዴ ሆኖ፣ ዝቅ ብሎ፣ በቦታው ሲሽከረከር አየሁት። ነፋስ የለም። ወፍ የለም። የቤንዚን ዋጋ የተጻፈበት ሰሌዳ እንኳ መንቋቋቱን ትቶ ነበር።

የማጫውታችሁ ከዚያች ቅጽበት እስከ ምሽት ድረስ የደረሰብንን ነው። የአካባቢው ነዋሪ የማደያው ጣሪያ የተነሳበት ቀን ብሎ ያስታውሰዋል። እኔ አባቴን የተዋወቅሁበት ቀን እለዋለሁ።

ስሜ ትዕግሥት ነው። ስም ያወጡልኝ ሰዎች ተሳስተዋል፤ በተለይ በዚያ ዘመን ትዕግሥት የሚባል ነገር አጠገቤ አልነበረም። ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበርኩ። ጠዋት ካሮልተን አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የነርስ ረዳት፣ ከሰዓት በኋላ ቤድፎርድ ካሸር ነበርኩ። በመሀል የኮሌጅ ክላስ እጀምርና እተዋለሁ። ቁርሴን መኪና ውስጥ፣ ምሳዬን ቆሜ ነው የምበላው። የማደያው ባለቤት ሐበሻ ነው፤ ማኪኒ ከተማ ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ሲሮጥ የቤድፎርዱን ለእኔ ጥሎልኝ ነበር። የቤንዚን ዋጋ ጣሪያ የነካበት ዓመት ስለነበር ደንበኛው ሁሉ የሚሳደበው እኔን ነው።

በዚህ ላይ አባቴ ነበር።

አቶ ደምሴ ይባላል። ዕድሜውን በሙሉ በመንገድ ሥራ ቀያሽነት ያሳለፈ፣ ከሸለቆ ሸለቆ ሲለካ የኖረ ሰው ነው። ግሪን ካርድ አስጨርሼለት ካመጣሁት አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። ይህ አንድ ዓመት ሁለታችንንም አድክሞናል። አባቴ በር አያስዘጋም። የመታጠቢያ ቤቱን በር ገርበብ አድርጎ ይገባና ሰው እንዳይመጣበት ያለማቋረጥ ያስላል። ሊፍት አይገባም። መኪና ውስጥ፣ አውራ ጎዳና ላይ በዚያ ሙቀት መስኮቱን አውርዶ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ይሄዳል። የሚተኛው በረንዳ ላይ ነው። የአፓርትመንቱ ማናጀር ሁለት ጊዜ ጠርታ፣ "አባትሽ ውጭ መተኛት አይችልም" ብላኛለች። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ቆሞ ያስቀድሳል፤ እዚያ ብዙ ሰው ውጭ ስለሚቆም ማንም ልብ አይለውም።

"አባዬ ምን ሆነህ ነው?" ስለው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ምንም አልሆንኩም። ሜዳ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ቤት ያፍነኛል።"

እኔም አመንኩት። ለምን አላምነውም? ከዚያ አንድ ቀን፣ "ከፋሲካ በኋላ አገሬ ልግባ፤ አንቺንም አላስቀምጥ አልኩሽ" አለኝ። ተከራከርኩት፣ አለቀስኩ፣ በመጨረሻ ቲኬቱ ተቆረጠ። ሁዳዴ ሊጋመስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሁለታችንም ስለ ጉዞው አናወራም።

ብቻውን ቤት ስለማይቀመጥ ማደያው አብሮኝ ይመጣል። ሱቁ ውስጥ አይገባም። ከበሩ በስተግራ፣ በከረጢት የታሸገ በረዶ ከሚሸጥበት ትልቅ ሣጥን አጠገብ፣ ኮቱንና ኮፍያውን እንዳደረገ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ትንሽ ቆይቶ ይነሳል፣ እስከ መንገዱ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይቀመጣል። እኔ ከካሽ ሬጅስተሩ ጀርባ በመስታወቱ አየዋለሁ። እሱ ሲንጎራደድ እኔ ውስጤ ይንጎራደዳል።

ሦስቱ ስዊድናውያን የመጡት ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ነበር። በተከራዩት ነጭ ቫን መጥተው ፓምፕ ጋ ፓርክ አደረጉ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው። ሴትየዋ ወደ አርባ የሚጠጋት፣ ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ናት፤ በቀጥታ ወደ እኔ መጣች።

"ናይን ቮልት ባትሪ አለሽ?"

"ስንት ትፈልጊያለሽ?"

"ያለሽን ሁሉ።"

ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን በሙሉ አወረድኩላት። ምን ሊሠራላት እንደሆነ ጠየቅኋት። ሙዚቀኞች መሆናቸውን፣ ከኦስቲን ተነስተው ለኮንሰርት ወደ ዴንተን እየሄዱ እንደሆነ ነገረችኝ። ስሟ ኢንግሪድ ነው። ባትሪው በእግር ለሚረገጡ ትንንሽ የብረት ሣጥኖች ነው፤ አንድ ድምፅ ሲገባባቸው አስረዝመው፣ ደጋግመው፣ እያስተጋቡ ያወጡታል። መድረክ ላይ በኤሌክትሪክ ይሠራሉ፤ መንገድ ላይ ግን በትንሽዬ የባትሪ አምፕሊፋየር ቫን ውስጥ ይለማመዱባቸዋል።

"ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?"

"ሳይኬደሊክ ስፔስ ሮክ። ኢንስትሩመንታል ነው።"

"ዘፋኛችሁ የትኛው ነው?"

"ዘፋኝ የለንም።"

ይህን ስታወራ ሁለቱ ወንዶች ውጭ አባቴን ሰላም ሲሉት አየሁ። ረጅሙ ጊታሪስት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ስሙን ሲነግረው አባቴ ፊቱ ፈካ አለ። በተከፈተው በር ጮኾ ጠራኝ።

"ትዕግሥት! ይሄ ዮናስ ይባላል! ስዊድን አገር ዮናስ አለ እንዴ?"

"አለ መሰለኝ አባዬ! ሙዚቀኞች ናቸው። ግን አይዘፍኑም።"

"ታዲያ ምን ይሠራሉ?"

"ይጫወታሉ። የሕዋ ሙዚቃ ይሉታል። ማለቴ የኮከቦች፣ የሰማይ…"

"ምጽ! እዚያ ላይ ሆኖ ማን ሊሰማቸው?" አለና ሳቀ። አባቴ ሲስቅ ካየሁ ሰንብቼ ነበር። ሦስተኛው፣ ከበሮ መቺው ኒልስ፣ ምን እንደተባለ ሳይገባው አብሮት ሳቀ።

የከተማው የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሳይረን የጮኸው ያኔ ነው።

ሳይረኑን በየወሩ አንድ ረቡዕ ስለሚሞክሩት አባቴ ለምዶታል። "የሙከራው ነው?" አለኝ። "ዛሬ ረቡዕ አይደለም" ለማለት አፌን ስከፍት ሚስተር ሬይ በሩን በርግዶ ገባ። ሚስተር ሬይ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በየቀኑ ቡናና ሎተሪ ሊገዛ ይመጣል። ያን ዕለት ስለ ቡና አልጠየቀም።

"ከደቡብ ምዕራብ እየመጣ ነው። መሬት ነክቷል። በመኪና ማምለጥ አይቻልም። ኩለሩን ክፈቺ!"

ኩለር የምንለው ቢራና ለስላሳ የሚከማችበት፣ ሰው ቆሞ የሚሠራበት ማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ግድግዳው ወፍራም ብረት ነው፤ የውጭ መስኮት የለውም። ባለቤቱ ሥራ ያስጀመረኝ ቀን፣ "አውሎ ነፋስ ከመጣ ሌላ ቦታ አታስቢ፤ ኩለር ውስጥ ግቢ" ብሎኝ ነበር። ደንበኞች በሚያዩት የመስታወት በኩል ካርቶን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ ከኋላ ያለው ጠባብ ቦታ ስምንት ሰው ቢገባበት ይጣበባል። ስዊድናውያኑ እየሮጡ ወደ ቫናቸው ተመልሰው የሙዚቃ መሣሪያቸውን ይዘው መጡ፤ አብደዋል ብዬ ነበር። ሁሉንም በጓሮው በር በኩል ወደ ኩለሩ አስገባሁና አባቴን ላመጣ ወጣሁ።

ነፋሱ ጀምሯል። ቆሻሻ፣ ቅጠል፣ ኩባያ በአየር ላይ ይሄዳል። አባቴ የበረዶውን ሣጥን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

"አባዬ ና! ቶሎ!"

"የት?"

"ኩለር ውስጥ። ሁሉም ገብተዋል።"

"አልገባም።"

"አባዬ ይሄ ቀልድ አይደለም! ሰው ይገድላል!"

"አንቺ ግቢ። እኔ እዚህ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ። ግቢ ልጄ!"

እጁን ይዤ ጎተትኩት። አባቴ ቀጭን ሰው ነው፤ ግን አልተነቃነቀም። ጣቶቹ ብረቱን እንደያዙ ነጥተዋል። በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። የሱቁ ፍሪጆች ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲቆም የነፋሱ ጩኸት ጎልቶ ወጣ። ዝናቡ ከጎን መጣብን።

"እንግዲያው እኔም አልገባም" አልኩት። "አብረን እንሞታለን። ኦኬ? አብረን!"

ያኔ ዓይኑ ውስጥ ያየሁትን አልረሳውም። ግትር መስሎኝ ነበር። ግትር አልነበረም፤ ፈርቷል። አውሎ ነፋሱን ግን አልፈራም፤ ወደ እሱ እንኳ አልዞረም። የሚያየው ከእኔ ጀርባ ያለውን በር ነው።

በሱቁ ውስጥ አልፎ እስከ ኩለሩ በር ድረስ ለእኔ ሲል መጣ። ያን ያህል መምጣቱን ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ። ግንቡን ተደገፈ፤ ትንፋሹ አጠረ። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የሰዎቹ እግር ብቻ ይታያል። ሚስተር ሬይ የበሩን እጀታ ይዞ ቆሟል።

"ይግባ ወይም ይውጣ! ይሄን በር መዝጋት አለብኝ!"

"አባዬ፣ እባክህ…"

"ድምፁ" አለኝ። ከንፈሩ ደርቋል። "ጨለማውን እችለዋለሁ። የብረት በር መቀርቀሪያ ሲወድቅ የሚያወጣውን ድምፅ አልችልም። ልቤ ይቆማል ትዕግሥት። እውነቴን ነው፤ ይቆማል።"

ኢንግሪድ ከውስጥ ወጥታ፣ "ምን ሆኖ ነው? ልቡን ነው?" አለች።

በምን እንግሊዝኛ እንደነገርኳት አላስታውስም። የተዘጋ ክፍል አይችልም፤ የሚገድለው የመቀርቀሪያው ድምፅ ነው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም አልኳት። አየችው። ከዚያ ወደ ጨለማው ተመለሰች። የፕላስቲክ እሽግ ሲቀደድ ሰማሁ። ባትሪው ነው።

መጀመሪያ የመጣው አንድ ኖታ ነበር። ቀጭን፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል። በጭኗ ላይ ካስቀመጠችው ትንሽ ኪቦርድ ነው የወጣው። ኖታው ሄደ፣ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ሲመለስ ሌላ ኖታ ተከተለው። እነዚያ የብረት ሣጥኖች ምን እንደሚሠሩ ሱቁ ውስጥ ስትነግረኝ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ገባኝ። ሰው ተፋፍጎ የቆመበት ክፍል ድምፁን ስትሰሙት ማዶው የማይታይ ሜዳ ሆነ። ዮናስ ጊታሩን ጨመረበት፤ ሕብረ ዜማም ግጥምም የለውም፣ ብቻ ይሰፋል።

"ዓይኑን ይጨፍን በይው" አለች ኢንግሪድ። "ከገባ በኋላ አይደለም፤ ሳይገባ።"

ነገርኩት። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮውን ወደ ውስጥ አዘነበለ።

"ስንት ሜትር ነው ውስጡ?" አለኝ።

"አላውቅም አባዬ።"

"ያስተጋባል እኮ። ዓባይ በረሃ ላይ ከማዶ ለማዶ ስንጠራራ እንደዚህ ነበር የሚመልሰው።"

"ና እስኪ። ና እንሂድ።"

ዓይኑን እንደጨፈነ አንድ እግሩን አስገባ። ቀጥሎ ሌላውን። ከወገቡ ይዤ ወደ ጥግ ወሰድኩት። ኢንግሪድ ለሁለቱ ጓደኞቿ በቋንቋቸው የሆነ ነገር አለቻቸው፤ ሚስተር ሬይንም፣ "ሦስት ስል ዝጋው" አለችው። ኒልስ ሁለት እጁን ባዶ የቢራ በርሜል ላይ አነሳ። ሦስት ስትል ሁሉም በአንድ ላይ ክፍሉን በድምፅ አናወጡት፤ በሩ ተዘጋ። መቀርቀሪያው ወድቋል፤ ግን ማናችንም አልሰማነውም። አባቴ ትከሻዬን እንደጨበጠ፣ "ዘጉት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ዘጉት አባዬ። አልቋል።"

አላለቀም ነበር። ትንሽ ቆይቶ ጆሮዬ ተደፈነ፤ ከዚያ መሬቱ ከታች መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብዙ ከባድ መኪና በጭንቅላታችን ላይ የሚያልፍ ይመስል ነበር። ብረት ሲቀደድ፣ መስታወት ሲረግፍ፣ ካርቶን ሲንሸራተት እንሰማለን። ሚስተር ሬይ ይጸልያል። እኔም፣ "ኪዳነ ምሕረት፣ ኪዳነ ምሕረት" እላለሁ፤ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ስዊድናውያኑ ግን አላቆሙም። ኒልስ በርሜሉን በጣቶቹ ቀስ አድርጎ ይመታል፤ የሚሄድ ሰው እርምጃ ይመስላል።

አባቴ በጆሮዬ መናገር የጀመረው በዚያ መሀል ነው። ከእኔ በስተቀር አማርኛ የሚሰማ የለም፤ ሙዚቃውም ይሸፍነዋል። ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

"የቀበሌ መጋዘን ነበር" አለኝ። "ስንዴ የሚቀመጥበት። በቀይ ሽብር ጊዜ። አንቺ አልተወለድሽም፤ እናትሽንም አላገኘኋትም። ሰይፉ የሚባል ጓደኛዬ ነበር፤ ሥራ ላይ የመለኪያ ሰንሰለት የሚይዝልኝ። አብረን ነው የወሰዱን። እግሩን ደብድበውት ቁስሉ አመርቅዟል። ሌሊቱን ትከሻዬን ተደግፎ አደረ፤ አንድ ጊዜ ውኃ አለኝ፣ አንድ ጊዜ እህቱን ጠራ። ከዚያ ዝም አለ። ተነስቼ በሩን መታሁ። ሰው ሞቷል፣ ክፈቱ አልኩ። ከውጭ ካርታ እየተጫወቱ ሲሳሳቁ ይሰማኛል። እኔ ከሰማኋቸው እነሱም ይሰሙኛል አይደል? ቀኑን ሙሉ መታሁ። ማንም አልመለሰልኝም።"

እጁን በሁለት እጄ ያዝኩት።

በድንገት የኪቦርዱ ድምፅ እየሟሸሸ፣ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። የአምፕሊፋየሩ አሮጌ ባትሪ አልቋል። ያ ሰፊ ሜዳ በአንድ ጊዜ ታጥፎ ወደ ጠባብ ብረት ሣጥን ተለወጠ። የአባቴ ጣቶች ሥጋዬ ውስጥ ገቡ፤ መተንፈስ አቃተው። "ባትሪ! ባትሪ!" ብዬ ጮህኩ። ኢንግሪድ በጨለማ ወለሉን ስትዳብስ፣ እሽጉ ከእጇ ሲያመልጥ፣ በስዊድንኛ ስትሳደብ ይሰማኛል። ኒልስ ግን በርሜሉን አልተወም። እንዲያውም ጠጋ ብሎ የአባቴን እጅ ፈልጎ አገኘና በርሜሉ ላይ አስቀመጠለት። አባቴ መጀመሪያ ምንም አላደረገም። ከዚያ በመዳፉ አንዴ መታ። ኒልስ መለሰለት። አባቴ ሁለቴ መታ። ኒልስ ሁለቴ መለሰለት። አዲሱ ባትሪ ገብቶ ድምፁ ሲመለስ ትንፋሹም ተመለሰ።

የውጪው ጩኸት ያለቀው መቼ እንደሆነ አላውቅም። ሚስተር ሬይ፣ "አለፈ" ሲል ነው የነቃሁት። እጀታውን ገፋው። በሩ ሁለት ጣት ያህል ተንቀሳቅሶ ቆመ። ሁሉም ተረባርበው ገፉ፤ ንቅንቅ አላለም። የሆነ ከባድ ነገር ከውጭ ወድቆበታል። ሞባይሌን ከፈትኩ፤ ሲግናል የለም።

"አየር አለ?" አለ ዮናስ።

"አየር አለ፤ ይመጣሉ፤ ትንሽ መጠበቅ ነው" አለ ሚስተር ሬይ። ድምፁ ግን እንደ ቃሉ አልነበረም። በተከፈተችው ቀጭን ስንጥቅ የጋዝ ሽታ መጣ። ያለነው ነዳጅ ማደያ ውስጥ መሆኑን ሁላችንም በአንድ ጊዜ አስታወስን። ኢንግሪድ ኪቦርዱን አጠፋች።

ለአባቴ አልተረጎምኩለትም። እሱ ግን ነገሩ ሳይነገረው ገብቶታል። ተነሳ። በእጁ እየዳበሰ፣ ኮፍያው ወድቆ፣ ወደ በሩ ሄደ። ጎትቼ ላስቀምጠው ነበር፤ ተውኩት። በጡጫው ብረቱን መታ። ቆመ፣ አዳመጠ። እንደገና መታ። ኒልስ በርሜሉን ተሸክሞ አጠገቡ ቆመና አብሮት ይመታ ጀመር። አባቴ በአማርኛ ይጮኻል፤ "ሰው አለ! እዚህ ሰው አለ! ክፈቱ!" ሁላችንም ካለንበት ግድግዳውን መታን። ምን ያህል እንደቆየ አልለካሁትም። እጄ አብጦ ለሳምንት መዝጋት አልቻልኩም ነበር።

ከዚያ ከውጭ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

የወንድ ድምፅ ነው። አባቴ ጆሮውን ብረቱ ላይ ለጠፈ፤ ወደ እኔ ዞረ፤ በስንጥቁ በምትገባው ብርሃን ግማሽ ፊቱ ይታየኛል።

"ምን አለ?"

"እሳት አደጋ ናቸው አባዬ።"

"ምን አለ? ቃሉን ንገሪኝ!"

"'ሰምተናችኋል' ነው ያለው። 'ሰምተናችኋል፣ እየመጣን ነው።'"

አባቴ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። እናቴ ስትሞት እንኳ እንደዚያ ሲያለቅስ አላየሁትም። ኢንግሪድ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ከኋላው ሄዳ ጀርባው ላይ እጇን አኖረች። ሚስተር ሬይም ባርኔጣውን አወለቀ።

ሲያወጡን የማደያው ጣሪያ በፓምፖቹ ላይ ተጋድሟል። የሱቁ ፊት የለም። የበረዶው ሣጥን፣ አባቴ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ ያለበት፣ ከመንገዱ ማዶ ተገልብጦ ተገኘ። የስዊድናውያኑ ቫን ጎኑ ተጨራምቷል። ከእኛ መካከል ግን ማንም ከመላላጥ ያለፈ ጉዳት አልደረሰበትም። የዚያን ቀን ኮንሰርታቸው ቀረ። መሄጃ ስላልነበራቸው እኛ አፓርትመንት ወስደናቸው ሽሮና ጎመን በሉ፤ ጾም መሆኑን ስነግራቸው ኢንግሪድ ሥጋ ከተወች ብዙ ዘመን እንደሆናት ነገረችኝና ሁለተኛ አስጨመረች። አባቴ በእኔ አስተርጓሚነት ስለ ዓባይ በረሃ አወራቸው። በማግሥቱ ሌላ መኪና ተከራይተው ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ በዚያ ቀን አባቴ ተፈወሰ ብዬ አልዋሻችሁም። ዛሬም ሊፍት አይገባም። እኔም ስዊድናውያኑ የሰጡኝን ሲዲ እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም፤ ቃል ስለሌለው ሐሳቤ የት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ያቅበጠብጠኛል። የተለወጠው ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ማውራት ጀመረ። በረንዳው ላይ ተቀምጠን፣ አንዳንዴ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ አንዳንዴ እስኪመሽ። እኔም መቀመጥ ተማርኩ። ከሥራዎቼ አንዱን ተውኩ፤ ትምህርቴን ጨረስኩ፤ ዛሬ በስደት ለመጡ ሰዎች ሐኪም ቤት አስተረጉማለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚደነግጥ፣ ጀርባውን ለበር የማይሰጥ ሰው ሲመጣ ምን ነካው አልልም። እናንተም ቤት "ጠባዩ ነው" የተባለ ሰው ካለ፣ አንድ ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። ላይመልስ ይችላል። ግን ይጠየቅ።

ቲኬቱን የምንሰርዘው መስሎኝ ነበር። አባቴ እምቢ አለ።

"እሄዳለሁ፤ ግን እመለሳለሁ" አለኝ። "የሰይፉ እህት ጉለሌ አለች። ይህን ሁሉ ዘመን ሰፈሯን እየዞርኩ ነው ያለፍኩት። ሞቱን የነገራት የለም። ምን ብዬ ልንገራት? ማንም አልከፈተልንም ብዬ?"

ሄደ። ብዙ ቀን ሳይደውል ቆየ፤ እኔ እዚህ መቀመጫ አጣሁ። አንድ ጠዋት መጦሪያው ውስጥ ሺፍት ላይ እያለሁ ስልኬ ጠራ። ከበስተጀርባው የብዙ ሰው ድምፅ፣ የሴቶች ልቅሶ ይሰማል።

"አባዬ! ምንድነው? ማን ሞተ?"

"አትደንግጪ" አለኝ። ድምፁ ደክሟል፤ ግን የረጋ ነበር። "ሰይፉ ነው። እህቱ ቤት ነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቷል፣ ድንኳን ተጥሏል። ዛሬ ልቅሶ ተቀመጥንለት።"